እርሻ ጅማ ላይ ሲቆጠር

የአገራችን የእርሻ ትምህርት ታሪክ ሲነሳ ቶሎ የሚጠራው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ነው፤ የኮሌጁ የመጀመሪያ ተማሪዎች ግን መማር የጀመሩት ጅማ ነው። የኦክላሆማው የእርሻ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሄንሪ ቤኔት በ1942 ዓ.ም. መጥተው አፄ ኃይለ ሥላሴን አነጋገሩ፤ ኮሌጁን የማቋቋሙ ስምምነት በግንቦት 1944 ሲፈረም ግን እሳቸው ኢራን ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ከሞቱ ወራት አልፈው ነበር። በ1945 የጅማ እርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የዓለማያ ሕንፃ እስኪያልቅም የኮሌጁን ተማሪዎች ያስጠለለችው ጅማ ናት። ታሪኩ ብዙ ጊዜ «ዘመናዊ እርሻ ገባ» ተብሎ ይዘጋል። ገበሬው ግን ሰብል ማብቀል ከማንም አልተማረም። ትምህርት ቤቱ ያመጣው የመቁጠርና የማወዳደር ልማድን ነው።

በቆሎን ብቻ እንይ። ገበሬው ዘሩን በብተና ጥቅጥቅ አድርጎ ይዘራና ቡቃያው ከፍ ሲል በሬ ጠምዶ በመሀሉ ያርሰዋል፤ ሽልሻሎ የሚባለው ነው። ማረሻው ሲያልፍ አረሙ ይገለበጣል፣ የበዛው ቡቃያ ይሳሳል፣ ለቀረው አፈር ይታቀፍለታል፣ ዝናቡም ወደ ውስጥ ይሰርጋል። የተነቀለው ለከብት ነው። መማሪያ መጽሐፍ በየምዕራፉ የሚበታትነውን ሥራ እሱ በአንድ እርሻ ይጨርሰዋል። ዘር ማብዛቱም ብክነት የሚመስለው ወፍና ዝንጀሮ የሚወስዱትን ለማያሰላ ሰው ነው። የብተናው ጉድለት ሌላ ቦታ ነው፦ ማሳው ላይ ስንት እግር እንደቆመ፣ ጭማሪው ከምን እንደመጣ መለየት አይቻልም። በመስመር ተዘርቶ፣ አንዱ መደብ ማዳበሪያ አግኝቶ ጎረቤቱ ሳያገኝ ቀርቶ፣ የሁለቱም ምርት ተመዝኖ ሲጻፍ ግን ማሳውን ያላየ ሰውም ሊፈርድ ይችላል።

ገበሬውስ አያወዳድርም ወይ? በደንብ ያወዳድራል። ምርጡን ዛላ ለዘር ለይቶ ከምድጃው በላይ ጢስ ላይ የሚሰቅለው ስላወዳደረ ነው። ሆኖም ፍርዱ ለራሱ ማሳና ለራሱ ክረምት ብቻ ነው፤ ዛላው የበረታው በዘሩ ይሁን በጓሮው ፍግ፣ ለሌላ ወረዳ ሰው ማስረዳት ይቸግረዋል። የዚህ ልዩነት ዋጋ በቡና ላይ ጎልቶ ታየ። አረንጓዴውን ፍሬ እያጠቆረ የሚያረግፈው የቡና ፍሬ በሽታ በ1963 ገደማ ሲከሰት፣ በ1960 ጅማ አጠገብ የተቋቋመው የመልኮ ምርምር ጣቢያ (ከትምህርት ቤቱ የተለየ ተቋም ቢሆንም ዘዴው አንድ ነው) በሽታው ካጠቃቸው ዛፎች መሀል ጤነኛ ሆነው የቆሙትን ፈልጎ ዘራቸውን ሞከረ። 74110ን የመሰሉ ዝርያዎች ቁጥራቸው በ74 የሚጀምረው በፈረንጆች 1974 ስለተመረጡ ነው። ዛፎቹ ድሮም እዚሁ አገር ነበሩ፤ መለየቱና መመዝገቡ የጣቢያው ሥራ ነው።

ታዲያ የትምህርት ቤቱ ዘዴ ይህን ያህል ከጠቀመ ገበሬው ለምን ቶሎ አልተቀበለውም? «ልማዱን አይለቅም» የሚለው መልስ ለባለሙያው ይመቻል፤ ለእኔ አይዋጥልኝም። በዚያ ዘመን ጭሰኛው ከምርቱ ሲሶ ወይም እኩሌታ ለባለርስቱ ይሰፍር ነበር። ማዳበሪያ ገዝቶ ምርቱ ቢጨምር ከጭማሪው ይከፈልበት ነበር፤ ዝናብ ቢያጥር ዕዳው የብቻው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው አዲሱን ነገር ቢፈራ ሒሳብ አውቆ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሲያስቀር ትምህርት ቤቱ 22 ዓመት ሞልቶት ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የትምህርት ቤቱ ማሳ ለማንም ባለርስት ሲሶ አልሰፈረም።