የብሪታንያ ቆንስላዎች በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ

የብሪታንያ ቆንስላዎች በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በጎሬና በማጂ ከተሞች ይሠሩ የነበሩ የዲፕሎማሲ ጽሕፈት ቤቶች ናቸው። ጎሬ ከቴፒ በስተሰሜን በኢሉባቦር፣ ማጂ ደግሞ ከሚዛን ተፈሪ በስተደቡብ ይገኛሉ። ኤምባሲ አገሩን ወክሎ ከመንግሥት ጋር በዋና ከተማ ሲነጋገር፣ ቆንስላ ግን ዜጎቹና ንግዱ ባሉበት አካባቢ ሆኖ ጉዳያቸውን ይከታተላል።

የቡና መንገድ

ዳግማዊ ምኒልክና ብሪታንያ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተፈራረሙት የሱዳን ድንበር ውል፣ ብሪታንያ በባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሄክታር ያልበለጠ የንግድ ጣቢያ እንድትከራይ ተፈቀደላት። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተቋቋመ። ቡና በበቅሎና በሸክም ከጎሬ ወደ ጋምቤላ ይወርድና በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጓዝ ነበር። መርከቦቹ የሚመጡት ባሮ በሚሞላበት በክረምት ወራት ብቻ ነበር።

የቆንስላዎቹ ሥራ

የጎሬው ቆንስላ በዋናነት ይህን ንግድና የብሪታንያ ተገዢ የሆኑ ነጋዴዎችን ጉዳይ ይከታተል ነበር። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮቭስኪ ውል ለውጭ ዜጎች ልዩ የዳኝነት መብት ሰጥቷል። ሌሎች መንግሥታትም በዚሁ መብት ስለተጠቀሙ፣ ቆንስሎች በዜጎቻቸው ክርክር ውስጥ ድርሻ ነበራቸው።

የማጂው ቆንስላ ትኩረት ግን ድንበር ነበር። የባሪያ ንግድ፣ የዝሆን ጥርስ አደን፣ የጠመንጃ ዝውውርና ወደ ኬንያና ሱዳን የሚሻገር ዘረፋ ዋና ጉዳዮቹ ነበሩ። በማጂ የሠራው ቆንስል አርኖልድ ሆድሰን ስለ አካባቢው መጽሐፍ ጽፏል።

የ1928 ዓ.ም. ፈተና

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አገር ለቀው ሲወጡ፣ በጎሬ ጊዜያዊ መንግሥት ቆመ። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ አስተዳደሩን መሩ፤ ራስ እምሩም የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው ወደዚያው መጡ። አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ስለነበረች፣ የጎሬው ቆንስላ ለቀረው የኢትዮጵያ አስተዳደር ከውጭው ዓለም ጋር መገናኛ ከነበሩት ጥቂት በሮች አንዱ ሆነ። ቆንስሉ ካፒቴን ኤርስኪን ነበር።

በሌላ በኩል የወለጋ መሪዎች አካባቢያቸው በመንግሥታት ማኅበር ሥር በብሪታንያ ሞግዚትነት እንዲተዳደር በቆንስሉ በኩል ጠየቁ። ብሪታንያ ግን ከጣሊያን ጋር መጋጨት ስላልፈለገች ጥያቄውን አልተቀበለችም። ስለዚህ ቆንስላው መልእክት ማስተላለፍ ቢችልም ከመንግሥቱ ፖሊሲ ውጭ ሊሄድ አልቻለም። ጎሬ በኅዳር 1929 ዓ.ም. ተያዘች፤ ራስ እምሩም በታኅሣሥ ወር ጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ሰጡ።

ከዚያ በኋላ

የጋምቤላ ውል የሚጸናው ሱዳን በብሪታንያና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስከቆየች ድረስ ብቻ ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ውሉ አበቃ፣ ጣቢያውም ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ዛሬ የሚዛንና የቴፒ ቡና ወደ ውጭ የሚላከው በአዲስ አበባና በጅቡቲ በኩል ነው።