ኑግና መች፤ ስለ ሠላሳዎቹ ክሮሞዞሞች

መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲገባ ከጣና ዳር፣ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ሜጫና ወደ አቸፈር የሚጓዝ ሰው ሜዳውን ቢጫ ለብሶ ያገኘዋል። ቢጫው ሁሉ ግን አንድ ዘር አይደለም። ባላገር የዘራው ኑግ ነው፤ ማንም ሳይዘራው በእርሻው ድንበርና በኑጉ መካከል የበቀለው መች ነው። ገበሬው በአበባቸው መጠንና በፍሬያቸው ለይቶ ያውቃቸዋል፤ ኑጉን ለዘይቱ ይጠብቃል፣ መቹን ይነቅላል። የምንጽፈው የነዚህ የሁለቱ ዝምድና እንዴት እንደ ታወቀ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለሁለቱ የወል የሆነውን የሊቃውንት ስም፣ ጊዞቲያ የሚለውን፣ የሰጠው ፈረንሳዊው ካሲኒ በ1829 ሲሆን የተወሰደውም ከታሪክ ጸሐፊውና ከመንግሥት ሰው ከፍራንስዋ ጊዞ ነው። ያገራችን የቅባት እህል በፈረንሳይ የታሪክ ጸሐፊ ስም መጠራቱ እኛን ጥቂት ያስገርመናል። ከመች ወገን አንዱ፣ በየዓመቱ የሚዘራ እህል ይመስል በአንድ ክረምት በቅሎ አፍርቶ የሚደርቀው፣ ስሙን ያገኘው ከጀርመናዊው ሺምፐር ነው፤ እርሱም በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ዕፀዋት ሲሰበስብ ኖሮ በ1878 በዓድዋ ዐረፈ።

ስም ግን ዝምድናን አይፈታም። መርማሪዎች በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ በኑግ ሴል ውስጥ 30 ክሮሞዞም ቈጠሩ፤ በመችም 30፣ በሌሎቹም የጊዞቲያ ወገኖች እንዲሁ 30 ሆነ። እዚህ ላይ መቸኰል አይገባም። ሁለት ቤተ ሰቦች እያንዳንዳቸው ሠላሳ ሰው ስላላቸው ብቻ ሥጋ ዘመዳሞች ናቸው አይባልም። ቁጥሩ በሩን ይከፍታል እንጂ ቤቱን አያሳይም።

ቤቱን የሚያሳየው ሜዮሲስ የሚባለው የሴል አከፋፈል ነው። አበባው ገና እንቡጥ ሳለ፣ ብናኙ ከመሠራቱ በፊት፣ ከአባትና ከእናት የመጡት ክሮሞዞሞች እየተፈላለጉ ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመራሉ፤ ሠላሳው 15 ጥንድ ይሆናል። ከዚያ ጥንዱ ተለያይቶ ለእያንዳንዱ ብናኝ 15 ይደርሰዋል። አባትና እናት ባዕዳን የሆኑ እንደ ሆነ ግን ክሮሞዞሙ ጓደኛውን ያጣል፤ ነጠላ ቀርቶ ይባዝናል፣ ብናኙም መካን ይሆናል። ስለዚህ ሊቃውንት ኑግን ከዱር ዘመዶቹ ጋር አዳቅለው የድቅሉን እንቡጥ መረመሩ።

በዚህ ሥራ በ1993 የሕንድ ሊቃውንት፣ በ1994 ደግሞ የኛው ክፍሌ ዳኜ ያገኙትን አሳትመዋል። ሕንዶች በነገሩ መድከማቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኑግ ከኢትዮጵያ ተሻግሮ ከጥንት ጀምሮ በአገራቸው ይዘራል። ኑግ ከሺምፐሩ መች ጋር ሲዳቀል ክሮሞዞሞቹ 15 ጥንድ ሆነው ተስማሙ፣ ድቅሉም ፍሬ ሰጠ። ከአንዳንዶቹ የዱር ወገኖች ጋር በተዳቀለ ጊዜ ግን ጥምረቱ ተናጋ። ከዚህም የተነሣ የኑግ አያት ይኸው መች ሳይሆን አይቀርም፣ ያገራችን ገበሬ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየመረጠ ኑግ አደረገው ተባለ። እኛም ከተሰነዘሩት አሳቦች ሁሉ ይህን የበለጠ የታመነ ሆኖ እናገኘዋለን።

ነገሩ ለእርሻም ይነካል። ኑግ በራሱ ብናኝ አያፈራም፤ ንብ ከሌላው ኑግ ታመጣለታለች። ንብ ግን ድንበር አታውቅም፤ ከመችም ታመጣለች፣ ድቅሉም መካን ስላልሆነ የመች ጠባይ በኑግ ዘር ውስጥ ሾልኮ ይገባል። ስለዚህ ገበሬው መችን መንቀሉ ትክክል ነው። ዳሩ ግን ከየድንበሩና ከየመንገዱ ዳር ፈጽሞ ቢጠፋ፣ የኑግ ዘር አሻሻዮች አንድ ቀን በሽታን የሚቋቋም ጠባይ ሲፈልጉ ሊያዳቅሉት የሚችሉትን የቅርብ ዘመድ ያጣሉ። ዘሩን ሰብስቦ በጎተራ ማኖር የሚገባው፣ ፍሬው ፈጥኖ የሚረግፍ ስለ ሆነ፣ ኑግ ከመታጨዱ አስቀድሞ ነው።