ከሩቅ የሚያይ አባት፦ ከሠዓሊው ሬምብራንት ማየትን መማር

ስለ ጠፋው ልጅ ሲሰበክ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ ልጁ ጉዞ ነው። ከቤት ወጣ፣ ሩቅ አገር ሄደ፣ ገንዘቡን በተነ፣ እሪያ ጠባቂ ሆነ፣ ወደ ልቡ ተመለሰ፣ ተነሥቶም መጣ። ጌታ ኢየሱስ ግን በሉቃስ 15፥20 ላይ ታሪኩን የሚያዞረው በአንድ እይታ ነው። ልጁ ገና ደጁ ላይ ሳይደርስ፣ አንዲትም የንስሐ ቃል ከአፉ ሳይወጣ፣ አባቱ ከሩቅ አይቶት አዘነለት። ሩጫው፣ እቅፉ፣ ልብሱ፣ ቀለበቱና ግብዣው ሁሉ የመጡት ከዚያ እይታ በኋላ ነው።

እኛ ወንጌላውያን አማኞች የመስማት ሰዎች ነን። እምነት ከመስማት እንደሚመጣ ተምረናል፤ ስብከት እንሰማለን፣ ዝማሬ እንሰማለን፣ ምስክርነት እንሰማለን። የአምልኮ ቤታችን ግድግዳም ብዙውን ጊዜ ባዶ ነው፤ ቢበዛ አንድ ጥቅስ ወይም መስቀል ይታይበታል። በዚህ አናፍርም። ነገር ግን ጆሮን የሰጠን አምላክ ዓይንንም ሰጥቶናል፤ ማየትም እንደ መስማት ሁሉ ትምህርትና ልምምድ ይፈልጋል። ስለዚህ ዛሬ ከ350 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄደን፣ ይህንኑ ምሳሌ ደጋግሞ የሣለና የአባትየውን እይታ እስኪያገኘው ድረስ ዕድሜው ያለቀበትን ሰው ታሪክ እንመለከታለን።

ባዶ ግድግዳ ባላቸው አብያተ ክርስቲያናት መካከል

ሬምብራንት በ1606 ዓ.ም. በሆላንድ፣ በላይደን ከተማ ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠቅሳለን)። ከመወለዱ 40 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1566፣ በዚያ አካባቢ ብዙ ሕዝብ ወደ አብያተ ክርስቲያናት ገብቶ ሐውልቶችንና ሥዕሎችን ሰባብሮ ነበር። በኋላም የካልቪንን ትምህርት የተከተለችው የተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን በአገሩ የበላይነት ስታገኝ፣ የአምልኮ ቤቶቹ ግድግዳ በነጭ ኖራ ተቀባ፤ ዋናውን ስፍራም የቃሉ ስብከት ያዘ። ለመሠዊያ እየሣሉ ይኖሩ የነበሩ ሠዓሊዎች ትልቁን ደንበኛቸውን አጡ።

ሥዕል ግን ከአገሩ አልጠፋም፤ ቤት ቀየረ እንጂ። ነጋዴውም የእጅ ባለሙያውም ለሳሎኑ ሥዕል ይገዛ ጀመር፦ የሜዳና የባሕር ሥዕል፣ የወጥ ቤት ሥዕል፣ የሰው ፊት፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክም። እንዲህ ዓይነቱን ሥዕል የገዛ ሰው የሚሰግድለት ነገር አልገዛም፤ ቁጭ ብሎ የሚያየው ነገር እንጂ።

የተሐድሶ አባቶች በዚህ ጉዳይ ሁሉም አንድ ዓይነት አቋም አልነበራቸውም። በመጋቢት 1522 ማርቲን ሉተር ከተሸሸገበት ወደ ዊተንበርግ ተመልሶ ተከታታይ ስብከት የሰበከው፣ ሥዕል ማፍረስን ጨምሮ በጥድፊያና በግርግር የሚደረገውን ለውጥ ለማብረድ ነበር። ካልቪን ሥዕል በአምልኮ ቤት እንዲኖር አልፈቀደም፤ ሆኖም ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውንና በንጽሕና ሊሠራባቸው እንደሚገባ ጽፏል። መጽሐፍ ቅዱስም ሁለቱን ነገሮች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦልናል። በዘጸአት 20 ለተቀረጸ ምስል መስገድን የከለከለው እግዚአብሔር፣ በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 31 ባስልኤልን በመንፈሱ ሞልቶ በወርቅ፣ በብር፣ በናስና በእንጨት የሚሠራ ባለ ጥበብ አደረገው። እንግዲህ መስገድና መመልከት የተለያዩ ናቸው።

ከመጠጥ ቤቱ ጠረጴዛ

የሬምብራንት የመጀመሪያ ሥራዎች ከሆኑት አንዱ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ቅርብ ነው። በ1626፣ ገና የ20 ዓመት ወጣት ሳለ፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለውን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ጥምቀት ሣለ፤ ሥዕሉ ዛሬ በኡትሬክት ከተማ ሙዚየም ይገኛል። ባለሥልጣኑ የከበረ ልብሱን እንደ ለበሰ በፊልጶስ ፊት ተንበርክኳል፤ ከኋላው አጃቢዎቹ፣ ፈረሶቹና ሠረገላው ታጭቀዋል። ወጣቱ ሠዓሊ የሚችለውን ሁሉ በአንድ ሰሌዳ ላይ ሊያሳየን የቸኮለ ይመስላል።

ብዙም ሳይቆይ አምስተርዳም ገባ፤ ስሙ ገነነ፤ ሀብታሞች ፊታቸውን ለማስሣል ይፈልጉት ጀመር። በ1634 ሳስኪያ የምትባል የደህና ቤተሰብ ልጅ አገባ። በ1635 ገደማ የሣለው አንድ ሥዕል አሁን በጀርመን፣ በድሬስደን ይገኛል። አንድ ወጣት ላባ የተሰካበት ባርኔጣ አድርጎ፣ ሰይፍ ታጥቆ፣ ረጅም ብርጭቆ ወደ ላይ አንሥቶ ይስቃል፤ ጭኑ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ይህ የጠፋው ልጅ በመጠጥ ቤት ሳለ ነው። የወጣቱ ፊት የሬምብራንት የራሱ ፊት ነው፤ የሴቲቱም የሳስኪያ። የጠፋውን ልጅ ሲሥል ራሱን ሣለ። ያን ጊዜ ግን በቀልድ መልክ ነበር።

በዓመቱ፣ በ1636፣ የልጁን መመለስ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ቀርጾ አሳተመ። በዚህ ትንሽ ሥራ ሁሉም ነገር ይንቀሳቀሳል። አባትየው ወደ ልጁ ጎንበስ ብሏል፤ የልጁ ፊት በሥቃይ ተኮማትሮ ይታያል፤ አገልጋዮች ልብስ ይዘው ይወርዳሉ፤ አንዲት ሴት መስኮት ከፍታ ታያለች። ጥሩ ሥራ ነው፤ ታሪኩን በሚገባ ይነግረናል። የ30 ዓመቱ ሬምብራንት ታሪኩን ያውቀዋል። አባትየውን ግን ገና የሚያውቀው አይመስልም።

ሁሉ ሲሄድ

ከዚያ በኋላ የሆነውን አሳጥረን እንናገር። ከሳስኪያ የወለዳቸው ሦስት ልጆች ገና በሕፃንነታቸው ሞቱ። አራተኛው ቲቱስ በ1641 ተወለደ፤ በ1642 ሳስኪያ አረፈች። ሕፃኑን ታሳድግ ከነበረችው ሴት ጋር ተቀራረበ፤ በኋላ ግን ተጣልተው ፍርድ ቤት ቆሙ፤ በመታረሚያ ቤት እንድትዘጋም አደረገ። ይህ ክፉ ሥራ ነው፤ አናስተባብልለትም። ቀጥሎ ሄንድሪክየ ከምትባል ሴት ጋር ሳይጋባ ኖረ፤ በ1654 የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጠርተው ገሠጿት፤ ከጌታ እራትም ከለከሏት። በ1656 ዕዳው ከአቅሙ በላይ ሆኖ ከሰረ። ቤቱና ንብረቱ ተሸጠ። በዚያን ጊዜ ከተመዘገበው ንብረት መካከል አንድ አሮጌ መጽሐፍ ቅዱስ ነበረ። ከሕያው ሰው ተመልክቶ የተሣለ የክርስቶስ ፊትም ተመዝግቧል። በ1663 ሄንድሪክየ ሞተች፤ በ1668 የቀረው ወንድ ልጁ ቲቱስ በ26 ዓመቱ ተቀበረ። ሬምብራንት ራሱ በ1669 አረፈ።

ይህን ሰው እንደ ቅዱስ አርአያ አናቀርበውም። የነፍሱን ነገር የሚያውቅ ጌታ ነው። የምንናገረው ስለ ዓይኑ ነው።

በዚያ በመጨረሻው ዘመኑ፣ በ1668 ገደማ፣ ወደዚያው ምሳሌ ተመለሰ። ይህ ሥዕል አሁን በሩሲያ፣ በሴንት ፒተርስበርግ በሚገኘው ኸርሚታጅ ሙዚየም አለ። ቁመቱ 2 ሜትር ከ62 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ወደዚያ መሄድ ለማንችለው ፎቶውን በስልካችን ፈልጎ ማየት ቀላል ነው።

ሥዕሉ ፊት ስንቆይ

ብዙዎቻችን ሥዕልን የምናየው እንደ ማስታወቂያ ነው፤ አንድ ጊዜ ገልመጥ አድርገን እናልፋለን። ሠዓሊ ግን ለአንድ እጅ ቀናት ይፈጅበታል። ስለዚህ እንቆይ፤ በመጀመሪያም ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ እንፈልግ።

ብርሃኑ በአባትየው ፊት፣ በእጆቹና በልጁ ጀርባ ላይ ነው። የልጁን ፊት እምብዛም አናየውም፤ በአባቱ ደረት ላይ ተደፍቷል። በ1636 ያየነው የተኮማተረ ፊት አሁን ተሸሽጓል። እፍረቱን ለእኛ ማሳየት አላስፈለገም። የምናየው የተላጨ ራሱን፣ የተቀዳደደ ልብሱንና እግሩን ነው። የአንዱ እግር ጫማ ወልቆ ውስጥ እግሩ ይታያል፤ የሌላኛው ጫማ አልቋል። ስንት እንደ ተጓዘ በቃል ሳይሆን በተረከዙ ነገረን።

ቀጥሎ የአባትየውን ዓይኖች እንመልከት። ዝቅ ያሉ ናቸው፤ የደከሙና የፈዘዙ ይመስላሉ፤ መንገድ ሲያዩ ያረጁ ዓይኖች። አሁን ግን ልጁ ቀርቧልና የሚያይበት በእጆቹ ነው። ሁለቱም እጆች በልጁ ትከሻ ላይ ተዘርግተዋል፤ አይገፉም፣ አያንቁም፣ ዝም ብለው ያርፋሉ። ሩጫ የለም፤ አገልጋይ አይጣደፍም፤ መስኮት የሚከፍት የለም። ይህ አባት ከሠዓሊው የመርሐ ትምህርት መጽሐፍ አልወጣም። ልጆቹን የቀበረ፣ ራሱም ይቅርታ የሚያስፈልገው ሽማግሌ ነው የሣለው።

በቀኝ በኩል ሌላ ሰው ቆሟል፤ ቀይ ካባ ለብሶ፣ ዘንጉን ተደግፎ፣ እጆቹን አንድ ላይ ይዞ ወደ ታች ያያል። ብዙዎች ታላቁ ልጅ ነው ይላሉ። በምሳሌው ታላቁ ልጅ በዚያ ሰዓት እርሻ ላይ ነበር (ሉቃስ 15፥25)፤ ሬምብራንት ግን አምጥቶ አጠገባቸው አቆመው። የእርሱም ፊት ብርሃን አግኝቷል። በእርሱና በታናሽ ወንድሙ መካከል ግን ጨለማ አለ። ሁሉንም ያያል፤ ሆኖም አንድ እርምጃ አልቀረበም።

ሆላንዳዊው ካቶሊክ ቄስ ሄንሪ ናወን በ1986 በዚህ ሥዕል ፊት ለብዙ ሰዓታት ተቀመጠ፤ በኋላም ስለዚያ መጽሐፍ ጻፈ። መጀመሪያ ራሱን በታናሹ ልጅ፣ ቀጥሎ በታላቁ ልጅ አገኘ፤ በመጨረሻም ጥሪው እንደ አባትየው መሆን እንደሆነ ገባው። እኛም ስንቆይ ጥያቄው ይደርሰናል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል የቆምነው የት ነው? በቤተ ክርስቲያን ብዙ ዓመት የኖርን ሰዎች ካባ ለብሰን ዘንግ ተደግፈን ቆመን ይሆናል።

ከሥዕሉ ወደ ሰው

ሬምብራንት እንዲህ ማየትን የጀመረው በመንገድ ላይ ነው። ገና በላይደን ሳለ ለማኞችን፣ ሽማግሌዎችንና አካል ጉዳተኞችን እየተመለከተ ይሥል ነበር። በ1630 በሠራት አንዲት ትንሽ የመዳብ ሥዕል፣ መሬት ላይ ተቀምጦ እጁን ለዘረጋ ለማኝ የራሱን ፊት ሰጠው። ከመንገድ ዳር ያለውን ሰው አይቶ «እኔ ልሆን እችል ነበር» ያለ ይመስላል።

ጌታችንም ይህን ጠይቆናል። በፈሪሳዊው ስምዖን ቤት አንዲት ሴት እግሩን በእንባዋ ስታርስ፣ ኢየሱስ ወደ እርስዋ ዘወር ብሎ ስምዖንን ያያት እንደሆነ ጠየቀው (ሉቃስ 7፥44)። ስምዖን ከፊቱ ነበረች፤ ያየው ግን ስሟን ነው፤ ኃጢአተኛ መባሏን። ሴቲቱን ገና አላያትም።

በእኛም ዘንድ እንዲህ ይሆናል። አንድ ዘመድ ከዓረብ አገር ወይም ከሌላ ስደት ሲመለስ መጀመሪያ የምናየው ሻንጣውን የሆነበት ጊዜ የለም? ምንም አላባከነም ይሆናል፤ ደክሞ፣ ደመወዙን ተነጥቆ፣ ታሞ ይሆናል የመጣው። ባዶ እጁን መምጣቱን ዓይናችን ቶሎ ያያል፤ ተረከዙን አያይም። ከኅብረት ርቆ የነበረ ወንድም አንድ እሑድ በኋለኛው ወንበር ሲቀመጥ ዘወር ብለን እናያለን፤ ያ እይታ ግን የአባትየው ነው ወይስ የታላቁ ልጅ?

በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር እንለማመድ። መጀመሪያ ሉቃስ 15ን አንብበን በዚያ ሥዕል ፊት ዐሥር ደቂቃ በዝምታ እንቆይ፤ ብርሃኑን፣ እጆቹን፣ እግሮቹን እንይ። ቀጥሎ በየቀኑ ከምናልፋቸው ሰዎች አንዱን፣ የጥበቃ ሠራተኛውን ወይም ጉሊት የምትቸረችረውን እናት፣ በዚያው ዓይን ቆም ብለን እንይ፤ ስማቸውንም እንጠይቅ። እምነትን ገና በመፈለግ ላይ ያላችሁ ወገኖች ደግሞ ይህን ያዙ፦ እናንተ እግዚአብሔርን ማየት ከመጀመራችሁ በፊት እርሱ መንገዱን ሲያይ ቆይቷል። ገና ሩቅ ብትሆኑም ታያችኋል።

አባት ሆይ፣ እኛን ባየህበት ዓይን ወንድማችንን እንድናይ እርዳን። ከቆምንበት ጨለማ አንድ እርምጃ አቅርበን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።