«ዊን» ስለ ተባለ ቅጽል፤ የአንድ ጽሑፍ ማረሚያ ከዊንዶውስ ጋር የመላመድ ታሪክ

የአንድ ፕሮግራም ምንጭ ኮድ ለሌላ ስርዓተ ክወና እንዲስማማ ሲታረም ቃላቱም አብረው ይፈተናሉ። ይህን ሥራ «ማሻገር» ማለት ይቻል ነበር፤ እኛ ግን «ማላመድ» የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል። የተሻገረ ሰው የመጣበትን ማዶ ይለቃል፤ ኮዱ ግን የቀድሞ ቤቱን ሳይለቅ፣ ወይፈን ቀንበር እንደሚለምድ፣ አዲሱን ይለምዳል። ምሳሌያችን ኢማክስ የተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ነው። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሪቻርድ ስቶልማን የጻፈው ጂኤንዩ ኢማክስ በ1985 ለሕዝብ ሲቀርብ የተሰናዳው ለዩኒክስ ነበር። በ1990ዎቹ ከዊንዶውስ ኤንቲ ጋር ማላመድ ሲጀመር ችግሩ ብዙ ሆነ። ዩኒክስ የመስመርን ፍጻሜ በአንድ ምልክት፣ በቁጥር 10፣ ያሳያል፤ ዊንዶውስ ግን ከዶስ በወረሰው ልማድ 13ንና 10ን ያከታትላል። ይህ የቴሌታይፕ ትሩፋት ነው፤ አንዱ ምልክት የማተሚያውን ራስ ወደ መስመሩ መነሻ ይመልስ፣ ሌላው ወረቀቱን ከፍ ያደርግ ነበር። ዩኒክስ አንድን ሂደት ለሁለት የሚከፍልበት «ፎርክ» የተባለው ጥሪም በዊንዶውስ ስለሌለ፣ ሌሎች ፕሮግራሞችን የሚያስነሣው ክፍል ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረበት። ይህን ለባለሙያዎቹ ትተን ወደ ስያሜው እንለፍ።

ኢማክስ «መስኮት» የሚለው የአንድ ገጽታ ክፋይ የሆነውን ቦታ ነው፤ ሌላው ዓለም «መስኮት» የሚለውን ደግሞ «ክፈፍ» ይለዋል። ስለዚህ ስሙ ራሱ «መስኮቶች» በሆነው ስርዓት ላይ አንዱ ቃል ሦስት ፍች ተሸከመ። (በኢማክስ «ያንክ» መለጠፍ ሲሆን ቪአይ በተባለው ማረሚያ ያው ቃል መቅዳት መሆኑንም አንባቢ ልብ ይበል።)

ከሁሉ የሚያስደንቀን የምህጻሩ ጉዳይ ነው። የጂኤንዩ የአጻጻፍ መመሪያ ዊንዶውስን «ዊን» ብሎ ማሳጠርን ይከለክላል፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ ድል ማለት ነውና፣ በፕሮግራም ጸሐፊዎቹም ዘንድ ውዳሴ ነውና። ከዚህም የተነሣ በኢማክስ ውስጥ ለዊንዶውስ ብቻ የተጻፉት ፋይሎች «ደብልዩ32» የሚል ስያሜ አላቸው። መመሪያው «ዎ» ብሎ ማሳጠርን፣ ይኸውም «ወዮ» እንደ ማለት፣ ይፈቅዳል። ነገሩ የቂም ቀልድ ቢመስልም በመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ዐይን ሲታይ ትክክል ነው፤ ምህጻር ፍች አልባ ምልክት ነው የሚለውን አስተሳሰብ ያፈርሳልና።

ጉዳዩ እኛንም ይነካል። በ1997 የወጣው 20ኛው እትም የብዙ ቋንቋዎችን ጽሕፈት ሲያካትት ፊደላችንንም ይዞ ነበር፤ ታካሃሺ ናኦቶ የጻፈው ክፍል በላቲን ሆሄ የተመታውን ጽሑፍ በ«ሴራ» ሥርዐት ወደ ግዕዝ ፊደል ይለውጣል። (የዚህ ምህጻር ሆሄያት በራሱ ሥርዐት ሲነበቡ «ሰራ» መሆናቸው ደስ ያሰኛል።) ነገር ግን ዊንዶውስ የቆዩ ፕሮግራሞችን ጽሑፍ የሚያስተናግደው ለየቋንቋው በመደበው የኮድ ገጽ ሲሆን፣ ለአማርኛ የመደበው ገጽ አልነበረም። ኢማክስም በዊንዶውስ ላይ የፋይል ስሞችን የሚጠይቀው በዚሁ በኩል ስለነበር፣ የአማርኛ ጽሑፍ ማሳየት እየቻለ «መዝገበ ቃላት» ተብሎ በፊደላችን የተሰየመን ፋይል መክፈት ይሳነው ነበር። ይህ የተቃናው በ2014 በወጣው 24.4 እትም ነው፤ ዩኒኮድ ፊደላችንን ከተቀበለበት ከ1999 ሲቆጠር 15 ዓመት ይሆናል።