ከቁስቋም የሚወጡ ሁለት መንገዶች

ጎንደር ሲነሳ ስለ ግንቡ እናወራለን፤ መንገዱን እንረሳለን። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 በምጽዋ ገብቶ፣ በ1770 ጎንደር ደርሶ በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ በቁስቋም ተቀመጠ። በ1771 መጨረሻ ሲወጣ ግን በሰናር በኩል ወደ ግብፅ አቀና። ከተማዋ ሁለት በር ነበራት ማለት ነው።

ዛሬ የኔትወርክ ባለሙያዎች ይህንኑ በስዊች ላይ ይሠሩታል። ወደ አንድ መድረሻ የሚወስዱ ሁለት መንገዶች ወጪያቸው እኩል እንዲሆን ያስተካክላሉ፤ ስዊቹ በሁለቱም እንዲጠቀም ይፈቅዱለታል። እሱም ጭነቱን ያካፍላል። የአንድ ግንኙነት ፓኬቶች ግን ተራቸው እንዳይዛባ በአንዱ መንገድ ብቻ ይሄዳሉ። አንዱ ገመድ ቢበጠስ ሌላው ይቀጥላል።

ታዲያ በ2015 ዓ.ም ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ የጎደለው መንገድ ነበር? አልነበረም። የሁሉም በር ቁልፍ በአንድ እጅ ከሆነ አሥር መንገድም እንደ አንድ ነው። የብሩስ ሁለት በሮች ግን የተለያዩ ጌቶች ነበሯቸው፤ ምጽዋን የኦቶማን ናይብ፣ ሰናርን የፉንጅ ንጉሥ ይዘዋቸው ነበር። መንገድ ስንቆጥር ባለቤቶቹንም እንቁጠር።