የግራፊክስ ካርድ ሙቀትና የማቀዝቀዣው ታሪክ

ግራፊክስ ካርድ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ 300 ዋት የሚጠቀም ካርድ 300 ዋት ሙቀት ያወጣል። ማቀዝቀዣው ይህን ሙቀት አያጠፋውም። ከክብሪት ሳጥን ካነሰ ቺፕ ላይ አንሥቶ፣ ሂትሲንክ በሚባሉ ስስ የብረት ቅጠሎች ላይ በትኖ፣ ለክፍሉ አየር ያስረክበዋል።

እ.ኤ.አ. በ1996 ስሪዲኤፍኤክስ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ቩዱ ግራፊክስን ሲያወጣ የካርዱ ቺፖች ያለ ሂትሲንክና ያለ ፋን ይሠሩ ነበር። በ1999 የወጣው የኢንቪዲያ ጂፎርስ 256 ግን አነስተኛ ሂትሲንክና ትንሽ ፋን ይዞ መጣ። በዓመቱ ቩዱ 5 5500 ከማዘርቦርዱ የሚያገኘው ኃይል ስላልበቃው ከፓወር ሰፕላይ የሚመጣ ገመድ ይሰካለት ጀመር።

ሙቀት የአንድን ካርድ ዕጣ ሲወስን በግልጽ የታየው በ2003 ነው። ኢንቪዲያ ጂፎርስ ኤፍኤክስ 5800 አልትራን ለገበያ ያቀረበው የተቀናቃኙን የኤቲአይን ራዴዎን 9700 ፕሮ ለመብለጥ ነበር፤ ለዚህም የቺፑን ፍጥነት ወደ 500 ሜጋኸርትዝ ከፍ አደረገ። ውጤቱ የሁለት ካርድ ቦታ የሚይዝ ማቀዝቀዣ ሆነ፤ አየር ከኮምፒውተሩ ጀርባ ስቦ፣ አሙቆ፣ በዚያው በጀርባ ያስወጣል። ጩኸቱ ግን የሚቻል አልነበረም። ተጠቃሚዎች በእጅ የሚያዝ የአቧራ መጥረጊያ ማሽንን ስም ቅጽል አድርገው ሰጡት፤ የኩባንያው ሠራተኞችም በራሳቸው ካርድ የሚቀልድ ቪዲዮ ሠሩ። በዚያው ዓመት የተካው 5900 አልትራ ፍጥነቱን ወደ 450 ዝቅ አድርጎ የሚሞሪውን መስመር በእጥፍ አሰፋ፤ ካርዱም ድምፁ ቀንሶ የተሻለ ሠራ። መፍትሔው የተገኘው ከፋኑ ሳይሆን ከቺፑ ንድፍ ነበር።

ከዚያ ዘመን ጀምሮ በካርዶች ላይ የተለመደው የሙቀት ቱቦ ምንጩ ሌላ ነው። በ1963 በአሜሪካ ሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ ጆርጅ ግሮቨር ቱቦውን ሲሠራ ያሰበው ለጠፈር መንኮራኩሮች ነበር። በታሸገው የመዳብ ቱቦ ውስጥ ያለው ጥቂት ውኃ በሞቃቱ ጫፍ ይተናል፤ እንፋሎቱ በቀዝቃዛው ጫፍ ሙቀቱን ለቅቆ ወደ ውኃነት ይመለሳል፤ ውኃውም በቱቦው ግድግዳ ላይ ባለው ወንፊት መሰል ሽፋን ተስቦ ይመለሳል። ቱቦው ራሱ ፓምፕም ሞተርም አያስፈልገውም።

ሙቀቱ ለምን እየጨመረ ሄደ? የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቹ በ1974 እንዳሳዩት፣ ትራንዚስተር ሲያንስ ቮልቴጁም አብሮ መውረድ ይችላል፤ ስለዚህ በአንድ ቺፕ ላይ ብዙ ትራንዚስተር ቢጨመርም ሙቀቱ በዚያው ልክ አይጨምርም። ይህ ሕግ ለሠላሳ ዓመታት ያህል ኢንዱስትሪውን ጠቀመ። በ2000ዎቹ አጋማሽ ግን ትራንዚስተሮቹ እጅግ ከማነሳቸው የተነሣ ኤሌክትሪክ ያፈስሱ ጀመር፣ ቮልቴጁም መውረዱን አቆመ ማለት ይቻላል። ኢንቴል በ2004 ቴጃስ የተባለውን ፕሮሰሰር ሰርዞ ፊቱን ወደ ባለ ሁለት ኮር ቺፖች አዞረ። ግራፊክስ ቺፕ ደግሞ ቀድሞውንም ሥራውን ለብዙ ትንንሽ ክፍሎች የሚያከፋፍል ስለነበር ክፍሎቹን ማብዛቱን ቀጠለ፤ ዋቱም አብሮ አደገ።

በ2010 የወጣው ጂፎርስ ጂቲኤክስ 480 በ250 ዋት ሲሠራ ሙቀቱ ከ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፍ ነበር። በ2013 የኤኤምዲ አር9 290ኤክስ በ95 ዲግሪ እንዲሠራ ታስቦ ወጣ። በዓመቱ ባለ ሁለት ቺፑ አር9 295ኤክስ2 500 ዋት ስለደረሰ ከፋብሪካው የውኃ ማቀዝቀዣ ተገጥሞለት መጣ። ቺፕን ይበልጥ የሚጎዳው ግን የሙቀቱ ከፍታ ብቻ ሳይሆን መሞቅና መቀዝቀዝ መፈራረቁ ነው፤ ብየዳው እየተለጠጠና እየተኮማተረ ይሰነጠቃል። ኢንቪዲያ በ2008 በላፕቶፕ ቺፖች ላይ ለደረሰ ብልሽት ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር ወጪ እንደሚመድብ ያስታወቀው ከዚሁ ጋር በተያያዘ ችግር ነው።

ማቀዝቀዣ በተሻሻለ ቁጥር አምራቾች ትርፉን ለዝቅተኛ ሙቀት ሳይሆን ለተጨማሪ ኃይል አዋሉት። በ2020 አርቲኤክስ 3090 350 ዋት፣ በ2022 4090 450 ዋት፣ በ2025 5090 575 ዋት ደረሰ። በእነዚህ ካርዶች ላይ የተለመዱት ሰፋፊ ፋኖች ከቀድሞው ጩኸታም ፋን ጸጥ ያሉ ቢሆኑም ሙቀቱን በአብዛኛው የሚለቁት ኬዙ ውስጥ ነው፤ የኬዙ ፋኖች ካላስወጡት ካርዱ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ከፍታም ለውጥ ያመጣል፦ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ በባሕር ጠለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ፣ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት የሚያነሣው ሙቀት ያነሰ ነው፤ የከተማዋ ቅዝቃዜ ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል።

በቤት ውስጥ ሙቀትን ከምንጩ የሚቀንሰው ዘዴ የካርዱን ቮልቴጅ ዝቅ ማድረግ ነው። ቺፑ ለሥራ የሚያውለው ኃይል ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ፣ ፍጥነቱ ሳይነካ ቮልቴጁ በ10 በመቶ ቢወርድ ይህ ኃይል በ19 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ምን ያህል መውረድ እንደሚቻል ከቺፕ ቺፕ ይለያያል፤ ስለዚህ ቮልቴጁ ጥቂት በጥቂት ዝቅ እየተደረገ፣ ካርዱ ሳይቋረጥ መሥራቱ በየደረጃው ይፈተሻል።