ሐምሌን ያሻገሩ እንግዶች

«ሐምሌን በብጣሪ፣ ነሐሴን በእንጥርጣሪ» ይባላል። በደጋው አገር የዓመቱ ጭንቅ የሚመጣው ምድር ስትደርቅ ሳይሆን ጋራ ሸንተረሩ ሁሉ ለምልሞ ሲታይ ነው። ምርጡ እህል በሰኔና በሐምሌ ዘር ሆኖ መሬት ገብቷል። በጎታው ቂጥ የቀረው ተጠርጎ፣ ተበጥሮ፣ ተንጠርጥሮ ይፈጫል። ወንዙ ሞልቷል፣ መንገዱ ጨቅይቷል፤ ከወንዝ ማዶ ያለው አገር እህል ቢተርፈው እንኳ በአህያ ጭኖ የሚያሻግር የለም። ነገሥታቱ ሳይቀሩ ዘመቻቸውን አቁመው በአንድ ስፍራ ይከርሙ ነበር።

ዛሬ «የአካባቢን ምርት በየወቅቱ መብላት» የሚለው ምክር በጤና ፕሮግራሙም በምግብ ቤቱም ይሰማል። ምክሩ ክፋት የለውም። ለአያቶቻችን ግን ይህ ምርጫ አልነበረም፤ በቅሎና አህያ የማይደርሱበት እህል ለእነሱ የሌለ ያህል ነበር። እኔን የሚገርመኝ ከመስከረም በኋላ ያለው ጥጋብ ሳይሆን የእነዚያ የሁለት ወራት አሻጋገር ነው። ነገሩን ሲከታተሉት ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር ይወጣል፤ ዛሬ «የአገር ቤት ምግብ» የምንላቸው የክረምት መሻገሪያዎች አብዛኞቹ ከውቅያኖስ ማዶ የመጡ ናቸው።

መጀመሪያ ጥጋቡን እንይ። መስከረም ሲጠባ በየቤቱ የጎመኑን ምንቸት በቃህ ብለው እያስወጡ የገንፎውን ያስገባሉ። በጥቅምት ባቄላው ከነቆባው ይቀነጠባል። የገብሱ እሸት በእሳት ለብለብ ይደረግና በመዳፍ ይታሻል፤ ገለባውን እፍ ብለው ትኩሱን ወደ አፍ ነው። ሣሩ ገና ስላልደረቀ የላሟ ወተት ይበዛል፣ ቅቤው ቢጫ ይሆናል። ንቧ ከአደይ አበባ የቀሰመችው ማር በጥቅምትና በኅዳር ይቆረጣል። ከዚያ ጤፉ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። ሽምብራ ብልህ ነው፤ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል በጥቁር አፈር ላይ ተዘርቶ መሬቱ በያዘው እርጥበት ብቻ ያድጋል። እሸቱም ከነተክሉ ተነቅሎ በእቅፍ በእቅፍ ይሸጣል፤ የፈለፈለው ሰው ጣቱ ላይ ጎምዘዝ የሚል ነገር ይቀርበታል።

ይህ ሁሉ ወደ ጎተራ ይገባል። እዚህ ላይ ጤፍን ማንሳት ግድ ነው፤ ቅንጣቱ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ስለዚህ ከስንዴና ከማሽላ ይልቅ ረጅም ጊዜ ይቀመጣል። ሥጋው ቋንጣ፣ ገብሱ በሶ፣ አተርና ሽምብራው ሽሮ፣ የተረፈው እንጀራ ድርቆሽ ይሆናል። የወቅት አመጋገብ ሲባል ትኩሱ ብቻ ይታሰባል፤ የባለሞያዋ ሙያ የሚለካው ግን በጥር ባስቀመጠችው ነው።

ያም ሆኖ ሐምሌ አይቀርም። የአገሬው የራሱ መልስ ጎመን ነበር። ጎመን ዘር ጥንተ መገኛው ከዚሁ ከኢትዮጵያ ምድር ነው ይላሉ የዕፀዋት ሊቃውንት። ከቤት ጀርባ አመድና ፍግ በሚጣልበት ጓሮ ይበቅላል፤ ከታች ከታች ሲቀነጠብ ከላይ ያቆጠቁጣል፤ ባለቤቱም በሬ ሳይጠምድ፣ አውድማ ሳይለቀልቅ ይበላዋል። «ጎመን በጤና» የሚለው ሰው መራራ እውነት እያጣፈጠ ነው፤ ቅጠል ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሰጥም፤ ሐምሌ ደግሞ እርሻና አረም የሚበረታበት ወር ነው።

በነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። ጎተራው ባዶ በሆነበት ጊዜ ጾም መግባቱን አይተው «አባቶች ከወቅቱ ጋር አስማምተው የሠሩት ነው» የሚሉ አሉ። ነገሩ ያምራል፤ ግን ግብጻውያን ኮፕቶችም በዓባይ ሸለቆ እነዚያኑ ዐሥራ አምስት ቀናት ይጾማሉ፤ ስለዚህ ለእኛ ደጋ ተብሎ የተወጠነ አይመስለኝም። ይልቅ ሕዝቡ ነው ጾሙን ከጓዳው ጋር ያስማማው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ፣ ጥሬ ቆርጥሞ፣ ባለው ነገር አድሮ።

ከውቅያኖስ ማዶ ከመጡት እንግዶች ቀድሞ የደረሰው በቆሎ ነው። ከአሜሪካ ምድር ተነሥቶ በ16ኛው ወይም በ17ኛው መቶ ዘመን እዚህ ሳይደርስ አልቀረም፤ ከባሕር በኩል ስለመጣም የባሕር ማሽላ ተባለ። የደጋው ገበሬ ለእንጀራ የሚሆን እህል አድርጎ አልቆጠረውም፤ ዋናውን ማሳ ለጤፍና ለገብስ ትቶ በቆሎን በጓሮው፣ ከጎመኑ አጠገብ ተከለው። ጥቅሙም ከዚያ ወጣ። በመጀመሪያው ዝናብ የተተከለ የጓሮ በቆሎ ነሐሴ ላይ እሸት ይሆናል፤ ማሳው ገና ሣር መስሎ ሳለ እሱ ይጠበሳል፣ ይቀቀላል። ልጆች ከዝንጀሮና ከጃርት ይጠብቁታል፤ ራሳቸው ልጆቹ ግን ከሁለቱ የባሱ ናቸው። እሸቱ ተበልቶ ስለሚያልቅ ጎተራ የሚደርስ የለም። በዚህ ዓይነት ለዘመናት የጓሮ ተክል ሆኖ የኖረው በቆሎ ዛሬ በኢትዮጵያ በሚመረተው መጠን ከእህሎች ሁሉ አንደኛ ነው፤ ጤፍ የሚበልጠው በሚሸፍነው መሬት ስፋት ብቻ ነው።

የድንች ታሪክ ባለቤቱ ይታወቃል። ቪልሄልም ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፀዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1837 ትግራይ ገባ። ሥራው ቅጠልና አበባ እያደረቀ ለአውሮፓ ቤተ መዘክሮች መላክ ነበር። የአገሩ ገዥ ደጃዝማች ውቤ እንጢጮ ላይ ሾሙት፤ እሱም አገር ለምዶ፣ አግብቶ፣ ወልዶ ቀረ። በኋላም ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር መቅደላ ከነበሩት አውሮፓውያን አንዱ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1878 ዓድዋ ላይ ሞተ። ድንችን እ.ኤ.አ. በ1858 አገር ውስጥ ያስገባው እሱ መሆኑ በሰፊው ተጽፏል። የሰጠው ዘር ግን ለሠላሳ ዓመት ያህል እዚህም እዚያም ጥቂት ማሳ ላይ ከመታየት አላለፈም። ከመሬት በታች የሚያፈራ ነገር እህል ነው ብሎ ለመቀበል ገበሬው አልቸኮለም።

ያስቸኮለው ክፉ ቀን ነው። በ1880 ዓ.ም. መጀመሪያ እቴጌ ጣይቱ ለእንጦጦ ማርያም ቅዳሴ ቤት ያደረጉት ግብር ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በዜና መዋዕላቸው የመዘገቡት ነው፤ ጠላውና ጠጁ፣ ሥጋውና ወጡ የተትረፈረፈበት። ብዙም ሳይቆይ ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ለጦራቸው ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የከብት ዕልቂት በሽታ ገባ። በሬ አለቀ። ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ ተከተሉ። እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ አገሩን ያረገፈው ረሃብ የተጀመረው እንግዲህ ከሰማይ ብቻ ሳይሆን ከቀንበሩ ነው፤ ዝናብ በጣለበት ስፍራ እንኳ የሚያርስ አልተገኘም። ምኒልክ ራሳቸው መቆፈሪያ ይዘው እየቆፈሩ ሕዝቡን እንዳበረታቱ ይተረካል።

ድንች ያን ጊዜ ሰው አገኘ፤ በስፋት የተያዘው ከዚያ ረሃብ ወዲህ መሆኑን የግብርናው ጥናት ይናገራል። ምክንያቱን ለመገመት ከባድ አይደለም። ድንች ጥማድ በሬ አይጠይቅም፤ ዶማና ጉልበት ይበቃዋል። በበልግ የተተከለው በሦስት በአራት ወር ደርሶ በሰኔና በሐምሌ ይወጣል፤ ጎተራው በሚራቆትበት በዚያው ሰሞን ማለት ነው። ተቆፍሮ በዚያው ቀን ይቀቀላል፤ በሚጥሚጣና በጨው ይበላል። ሚጥሚጣውም ሆነ በርበሬው ዘሩ ከአሜሪካ የመጣ መሆኑን በጨዋታ ላይ ስናገር የሚያምነኝ ሰው ጥቂት ነው።

በደቡብ ያለው ሰው ይህን ሁሉ ጭንቅ በሌላ መንገድ አልፎታል። እንሰት የሚቆረጥበት ወር የለውም፤ ባለቤቱ ሲፈልግ ይፍቃል። ቆጮውም ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ዓመታት ይቆያል። የጉራጌና የሲዳማ የምግብ ታሪክ ከሐምሌ ጋር ይህን ያህል የማይጣላው ለዚህ ነው፤ እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ሦስተኛው እንግዳ በለስ ነው። ይህ እሾኻም ቁልቋል በ19ኛው መቶ ዘመን በካቶሊክ ሚሲዮናውያን እጅ በምሥራቅ ትግራይ፣ በኢሮብ በኩል ገባ ይባላል። ድንጋያማ ተዳፋት ላይ፣ ሌላ ምንም በማይበቅልበት ያዘ፤ የግቢ አጥርም፣ በበጋ እሾኹ ተለብልቦ የከብት መኖም ሆነ። ፍሬው የሚበስለው ከሐምሌ እስከ መስከረም መጀመሪያ ነው። ጤዛው ሳይደርቅ በማለዳ ይለቀማል፤ ፀሐይ ከወጣና ነፋስ ከተነሣ እሾኹ እየበነነ ዓይን ውስጥ ይገባል። በዓዲግራትና በአካባቢው ያለ ቤተሰብ የክረምቱን ወራት በአብዛኛው ይህን ፍሬ በልቶ፣ የቀረውን ሸጦ ያልፋል። አዲስ አበባም በክረምት ወጣቶች በየመንገዱ ዳር በቢላዋ እየላጡ ይሸጡታል። ከተማው ውስጥ ቲማቲሙም ሽንኩርቱም በመስኖ ዓመቱን ሙሉ በሚገኝበት ዘመን፣ ወሩን ጠብቀው ከሚመጡት ጥቂት ነገሮች በለስና የተጠበሰ በቆሎ ዋነኞቹ ናቸው።

በለሱ ግን አደጋ ላይ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ ከአካሉ ቀይ ቀለም ይመረታል ተብሎ ኮቺኒል የሚባል ነፍሳት ትግራይ ውስጥ እንዲራባ ተደረገ። ከታሰበለት ክልል አምልጦ በነፋስ እየተዛመተ የደቡብና የደቡብ ምሥራቅ ትግራይን ቁልቋል ፈጀው። ነጭ ጥጥ መሰል ነገር ቅጠሉ ላይ ይታያል፤ በጣት ሲጨፈለቅ ደም ይመስላል፤ ከዚያ ተክሉ ይጠወልጋል፣ ይወድቃል። የተጠቃውን ቆርጦ ከመቅበር የተሻለ መፍትሔ ለገበሬው አልደረሰውም። በእነዚያ ወረዳዎች የነሐሴ ጥያቄ እንደገና ወደ ጓሮው ጎመን ተመልሷል።